ንጉሥና ንጉሤ፤ በኬንድሪክ ላማር አልበም ላይ የተሰጡ ፍርዶች

አሜሪካዊው ባለ ራፕ ኬንድሪክ ላማር «ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ» የተሰኘውን አልበሙን በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. ባወጣ ጊዜ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ሥራው በሁለት ዓይነት ሰዎች እጅ ወደቀ። አንደኞቹ በጋዜጣና በመጽሔት የሚጽፉት ሐያስያን ናቸው፤ እነርሱ አልበሙን እንደ ልብ ወለድ መጽሐፍ እየገለጡ አነበቡት። ሁለተኞቹ አድማጮች ናቸው፤ እነርሱም ከውስጡ የሚስማማቸውን መርጠው ወደ አደባባይ ይዘውት ወጡ። ሁለቱም ወገኖች ከሥራው ብዙ አትርፈዋል። ነገር ግን በአልበሙ መጨረሻ አጠገብ፥ በዐሥራ አምስተኛው ዘፈን ላይ፥ ከግእዝ የተወሰደ አንድ ቃል ይነሣል። በዚህ ቃል ላይ ሐያስያኑ የተናገሩት እጅግ ጥቂት ነው፤ ቃሉን በደስታ የተቀበሉት አድማጮችም ደስታቸው ከቃሉ ታሪክ ጋራ በቀላሉ አይስማማም። ቃሉ «ንጉሥ» ነው።

ራፕ ማለት ዜማ ሳይበዛበት በከበሮ ምት ልክ ቤት እየመታ የሚነገር ግጥም ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ብሮንክስ በሚባለው የኒው ዮርክ ሰፈር ሸክላ እያጫወቱ ሕዝብ ከሚያስጨፍሩ ሰዎች ዘንድ ተነሥቶ ዛሬ በዓለም ሁሉ ተሰራጭቷል። ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ከዘፈን ይልቅ ፉከራና ሽለላ ይቀርቡታል። ባለ ራፑ እንደ ፎካሪ ስሙን ይጠራል፥ የትውልድ ሰፈሩን ያወሳል፥ ባላንጣውን ያንኳስሳል፥ ያገኘውንም ገንዘብ እንደ ግዳይ ይቈጥራል። ፎካሪ ግን በሰው ፊት ቆሞ ራሱን አይከስም። ላማር በዚህ አልበም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የፉከራን ቃልና ትንፋሽ እንደ ያዘ ወደ ንስሐ ገባ። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ወደ ሥራው የተሳቡት ከሁሉ ይልቅ በዚህ ምክንያት ይመስላል።

ላማር በ1987 ዓ.ም. ኮምፕተን በተባለችው የካሊፎርኒያ ከተማ፥ ከቺካጎ ከመጡ ወላጆች ተወለደ። በ2012 ዓ.ም. ያወጣው አልበም በዚያች ከተማ በወሮበሎች መካከል ያደገን የአንድ ወጣት ታሪክ የሚተርክ ነበርና ስሙን በሰፊው አስጠራለት። በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ኔልሰን ማንዴላ ታስሮበት የነበረውን የሮብን ደሴት ወኅኒ ቤት ተመለከተ፤ ይህም ጉዞ ሐሳቡን እንደ ለወጠው ራሱ ተናግሯል። የአዲሱ አልበም ስም በ1960 ዓ.ም. የወጣውን የሃርፐር ሊን «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» የተባለ ልብ ወለድ እንዲያስታውስ ሆኖ የተሰየመ ነው። በዚያ መጽሐፍ ስም «መግደል» የነበረው በዚህኛው «ማቃጠር» ሆነ፤ ወፏም በቢራቢሮ ተተካች። አቃጣሪ የሌላውን ገላ አሻሽጦ የሚበላ ሰው ነው። ቢራቢሮዋ ደግሞ የገጣሚው ተሰጥዎ ናት። እንግዲህ ስሙ ሻጩ ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ የሙዚቃ ነጋዴው ነውን? ወይስ ባለ ተሰጥዎው ራሱ? አስቀድሞ የታሰበው ስም ከዚህ ጥቂት የተለየ ሲሆን የቃሎቹ መነሻ ፊደሎች ተለቅመው ሲነበቡ በ1996 ዓ.ም. በጥይት ተመትቶ የሞተውን የባለ ራፑን የቱፓክ ሻኩርን ስም ይሰጡ ነበር።

አልበሙ 16 ዘፈኖች አሉት፤ 79 ደቂቃ ያህልም ይፈጃል። በዘፈኖቹ መካከል፥ ከበሮው ዝም ሲል፥ አንድ ግጥም ይነገራል። መጀመሪያ የሚሰማው ጥቂት ቃል ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ዕረፍት ያው ቃል ይደገምና ትንሽ ይጨመርበታል። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት መወድስ እስኪደርስ ድረስ ደረጃ በደረጃ እንደሚሄድ፥ ይህም ግጥም እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻው ዘፈን ላይ ሙሉው ይነበባል። የሚናገረውም ዝናና ተሰሚነት አግኝቶ ያገኘውን ኀይል ያለ አግባብ ስለ ተጠቀመበት ሰው ነው። ያን ጊዜ አድማጩ ግጥሙ ሲነበብ የቈየው ለእርሱ ሳይሆን ለሟቹ ለቱፓክ እንደ ሆነ ይረዳል። ላማር አንድ ስዊድናዊ ጋዜጠኛ በ1994 ዓ.ም. ከቱፓክ ጋራ ያደረገውን ቃለ መጠይቅ ወስዶ፥ በጠያቂው ድምፅ ፈንታ የራሱን ድምፅ አግብቶ፥ ከሙት ጋራ ይነጋገራል።

ሐያስያኑ ይህን ሁሉ ቈጥረው አልጨረሱትም። የልዩ ልዩ ሐያስያንን ፍርድ ሰብስቦ አማካዩን የሚያወጣው ሜታክሪቲክ ከ100 96 መዘገበለት። ሮሊንግ ስቶንና ፒችፎርክ የዓመቱ ምርጥ አልበም ብለው መረጡት። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የግራሚን የራፕ አልበም ሽልማት አገኘ፤ የዓመቱ አልበም የሚባለው ትልቁ ሽልማት ግን ለቴይለር ስዊፍት ተሰጠ፤ በዚህም ብዙ ክርክር ተነሣ። ኖርዝ በርገን በተባለችው የኒው ጀርዚ ከተማ ያለ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር አልበሙን ከቶኒ ሞሪሰን «ዘ ብሉእስት አይ» ጋራ አጣምሮ አስተማረው፤ በሰኔ 2015 ዓ.ም. ላማር ራሱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ የተማሪዎቹን ግጥም አዳመጠ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ቀጥሎ ያወጣው «ዳም» የተባለው አልበም የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት ተቀበለ፤ ከክላሲክና ከጃዝ ውጭ የሆነ ሥራ ይህን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው።

ይህ ምስጋና ግን አንድ ጉድለት አለበት። ሐያሲው ራፕን ሲያከብር መጽሐፍ ስለ መሰለው ያከብረዋል፤ ማጣቀሻውን ይለቅማል፥ የምዕራፎቹን አሠራር ያደንቃል፥ የጆሮውን ነገር ግን ይረሳዋል። «ዩ» (አንተ ማለት ነው) የተባለው ዘፈን ለዚህ ምስክር ነው። በዚህ ዘፈን ገጣሚው በሆስፒታል ሲያጣጥር ሄዶ ሊጠይቀው ስላልቻለው ወዳጁ ራሱን ይወቅሳል። ቃሉ በወረቀት ላይ ቢጻፍ ተራ ነው ለማለት ይቻላል። ኀይሉ ያለው ድምፁ ሲሰበር፥ እንደ ሰካራም ሲንተባተብ፥ ትንፋሹ በእንባ ሲቈራረጥ ነው። ሙሾ የሰማ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የአልቃሽን ግጥም ሰብስቦ ያተመ ሰው ግጥሙን ይዟል እንጂ ልቅሶውን አልያዘም። እንደዚሁም ካማሲ ዋሽንግተንና ሮበርት ግላስፐርን የመሳሰሉ የጃዝ ሰዎች የተጫወቱት ሙዚቃ ከቃሉ ጋራ የሚጣላበትና የሚታረቅበት ሁኔታ በብዙዎቹ ጽሑፎች ውስጥ ከአንድ ዐረፍተ ነገር የሚበልጥ ቦታ አላገኘም።

ሙሉ ምስጋና ብቻም አልነበረም። አልበሙ እጅግ ረዝሟል፥ ከብዷል፥ ለጭፈራ የሚሆን ነገር የለውም ብለው ያጕረመረሙ አድማጮች ነበሩ። ሴቶችን በሚመለከት የቀረበው ነቀፋ ግን ከዚህ የጠነከረ ነው። በአልበሙ ውስጥ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ወይ ፈታኝ ወይ የሌላ ወንድ በቀል ማስፈጸሚያ ናት። ዲያብሎስ እንኳ «ሉሲ» በሚል የሴት ስም ይመጣል። (ስሙ ከሉሲፈር የተወሰደ ነው፤ በ1974 ዓ.ም. በሐዳር ከተገኘችው ከድንቅነሽ ጋራ የሚያገናኘው የለም።) ራፕሶዲ የተባለችው ገጣሚ ስለ ቆዳ ቀለም በሚናገረው ዘፈን ላይ ገብታ የተናገረችው ጥሩ ቢሆንም አንዲት ሴት የአንድ አልበም ሚዛን ልታቀና አትችልም።

ትልቁ ክርክር የተነሣው «ዘ ብላከር ዘ ቤሪ» በተባለው ዘፈን ነው። ስሙ ዋላስ ተርማን በ1929 ዓ.ም. ካሳተመው ልብ ወለድ ስም ጋራ አንድ ነው። ተናጋሪው በዘፈኑ ሁሉ በዘረኞች ላይ እየተቈጣ፥ በዚያው ቃል ደግሞ ራሱን ግብዝ እያለ ይጠራል፤ ምክንያቱን ግን ይሸሽጋል። በመጨረሻው ቤት ላይ፥ በ2012 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ለተገደለው ወጣት ለትሬቨን ማርቲን ያለቀሰ ሰው ራሱ በወሮበሎች ጠብ ከእርሱ ይልቅ የጠቈረ ሰው መግደሉን ይናዘዛል። አንዳንዶች ይህ ነገር የገዳይን ኀጢአት በተገዳዩ ወገን ላይ መጫን ነው ብለው ተቈጡ። ቍጣቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ላማር ዘፈኑ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ለቢልቦርድ መጽሔት በሰጠው ቃል ሰው ራሱን ካላከበረ ከሌላው ክብርን መጠበቅ እንደማይችል ተናግሮ ነበርና። ልብ ወለድ ጸሐፊው ማይክል ሼይበን በበኩሉ የመጨረሻውን ቤት አሠራር አስረዳ፤ እስከዚያ ድረስ ያልተነገረው ነገር በድንገት ሲገለጥ ግጥሙ በሙሉ በአዲስ መልክ ቦታ ቦታውን ይይዛል አለ።

ሼይበን የገለጸውን ነገር የአገራችን ሊቃውንት በሌላ ስም ያውቁታል። ሰሙ የጥቁር ሕዝብ ግብዝነት ነው፤ ወርቁ የአንድ ሰው ኑዛዜ ነው። በሰሙ የቆመ አድማጭ ስድብ ሰማ፤ ወደ ወርቁ የገባ እንባ ሰማ። ሆኖም ቅኔ ተቀኝቶ የጨረሰ ሰው ከጉባኤው ወጥቶ ያንኑ ሰሙን ያለ ወርቅ በተራ ንግግር ከደገመው፥ ሰሚዎቹ ወርቁን ቢጠራጠሩ ሊወቀሱ አይገባም። በቢልቦርድ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ከሁሉ ይልቅ የቀረበው ዘፈን ግን «ሃው ማች ኤ ዶላር ኮስት» የተባለው ነው። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በ2015 ዓ.ም. ከወጡት ዘፈኖች ይህን አብልጠው እንደ ወደዱት ተናግረዋል። ባለ ገንዘቡ ዘፋኝ በደቡብ አፍሪካ በአንድ የቤንዚን ማደያ ቆሞ ሳለ አንድ የኔ ቢጤ አንድ ገንዘብ ይለምነዋል። ዘፋኙ ይጠራጠራል፥ ይቈጣል፥ ይከለክለዋል፤ ለማኙ በመጨረሻ እግዚአብሔር መሆኑን ይገልጥለታል፤ የከለከላት አንዲት ገንዘብም መንግሥተ ሰማያትን እንዳሳጣችው ይነግረዋል። በተአምረ ማርያም የሚነበበውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ጆሮው ይነቃል። በላዔ ሰብእ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው ነበር፤ ለአንድ ለምጻም በእመቤታችን ስም ስለ ሰጠው ጥርኝ ውኃ ዳነ። የላማር ዘፈን ይኸንኑ ሚዛን ገልብጦ ያቆመዋል፤ አንዱ በጥርኝ ውኃ ነፍሱን አተረፈ፥ ሌላው በአንዲት ዶላር አጠፋት። ዘፈኑን ያደነቁት ሐያስያን ብዙውን ጊዜ ስለ ሀብትና ስለ ድህነት የተነገረ ምሳሌ አድርገው ወሰዱት። የሃይማኖት ሰው ግን ጕዳዩ ሀብት ሳይሆን ፍርድ እንደ ሆነ ወዲያው ያያል።

አድማጮች በሥራው ምን አደረጉ? የዚህ መልስ «ኦልራይት» (ደኅና ማለት ነው) በተባለው ዘፈን ይገኛል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክሊቭላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥቁሮች መብት ታጋዮች ጉባኤ ነበር። ጉባኤተኞቹ ሲበተኑ ፖሊሶች አንድ የ14 ዓመት ልጅ ያዙ፤ ሕዝቡም ተሰብስቦ ግርግር ሆነ፤ በዚያም መካከል የዘፈኑን አዝማች በአንድ ድምፅ አሰሙ። ከዚያ በኋላ በሌሎች ከተሞች በሰልፍ ላይ ይሰማ ጀመር። የዘፈኑ ቤቶች ግን እንዲህ የሚያጽናኑ አይደሉም፤ በውስጣቸው የፖሊስ ጥላቻ፥ የሉሲ ፈተናና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጕልበቱ የከዳው ሰው አሉ። ሕዝቡ ይህን ሁሉ ትቶ አዝማቹን ብቻ ወሰደ። አንዳንድ ሐያሲ ይህን እንደ ማጕደል ቈጠረው፤ ትክክል አይደለም። አዝማሪ ባለበት ቤት እንግዳው ግጥም ይሰጣል፥ «ተቀበል» ይላል፤ አዝማሪው ይቀበላል። በክሊቭላንድ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ባለ ራፑ ሰጠ፥ ሕዝቡ ተቀበለ። የተቀበለውም ሰው በተቀበለው ቃል ጌታ ሆነበት።

ሌላ ዓይነት አድማጭም ነበረ። ላማር በሰኔ 2015 ዓ.ም. በቢ ኢ ቲ ሽልማት ላይ ቀለም በተረጨበት የፖሊስ መኪና ጣራ ላይ ቆሞ ይህንኑ ዘፈን ሲያሰማ፥ የፎክስ ቴሌቪዥን ተናጋሪ ጌራልዶ ሪቬራ በቅርብ ዓመታት ወጣት ጥቁሮችን ከዘረኝነት ይልቅ የጐዳቸው ሂፕ ሆፕ ነው አለ። ላማርም ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. ባወጣው አልበም የሰውየውን ድምፅ ራሱን አስገብቶ መለሰለት። ስለዚህ ነገር ብዙ መናገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። «አይ» (እኔ ማለት ነው) የተባለው ዘፈን መጀመሪያ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ለብቻው ሲወጣ ራስን ስለ መውደድ የሚናገር ደስ የሚያሰኝ ዘፈን ነበር፤ ሁለት የግራሚ ሽልማት ቢያገኝም ከላማር የማይጠበቅ፥ ለገበያ የቀለለ ነው ያሉት ብዙ ነበሩ። በአልበሙ ውስጥ ግን ተለውጦ ገባ። በሕዝብ ፊት እየተዘፈነ ሳለ በአድማጮቹ መካከል ጠብ ይነሣል፤ ዘፋኙ ሙዚቃውን አቁሞ በዚህ ዓመት ስንት ሰው ቀበርን ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ያለ ሙዚቃ እየተናገረ ጥቁሮች በአሜሪካ ሲሰደቡበት የኖሩትን፥ እነርሱም በመካከላቸው የሚጠራሩበትን ቃል ያነሣና፥ የዚህ ቃል እውነተኛ መልኩ የኢትዮጵያ ቃል እንደ ሆነ፥ ትርጓሜውም ንጉሥ፥ ገዥ ማለት እንደ ሆነ ፊደሉን እየቈጠረ ይነግራቸዋል። የታሪክ መጻሕፍትም ይህን ቃል እንደ ሸሸጉት ይናገራል።

በቋንቋ ጥናት መንገድ ከተመረመረ ይህ አባባል አይቆምም። የስድቡ ቃል «ኒጌር» ከሚለው፥ ጥቁር ማለት ከሆነው የላቲን ቃል በእስፓኝና በፖርቱጋል «ኔግሮ» በኩል የመጣ ነው። «ንጉሥ» ግን «ነግሠ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ከቀለም ጋራ ምንም ዝምድና የለውም። ሁለቱን ያቀራረባቸው የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። (እንግሊዞች ከወይን ጠጅና ከሙቅ ውኃ የሚያሰናዱት «ኒገስ» የተባለ መጠጥም አለ፤ እርሱም ፍራንሲስ ኒገስ በተባለ የ18ኛው መቶ ዓመት ኰሎኔል ስም የተጠራ ነው እንጂ ከቤተ መንግሥታችን የወጣ አይደለም።) ቃሉ ተሸሽጎ ነበር የሚለውም ልክ አይደለም። ጣልያን በ1935 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ የአሜሪካ ጋዜጦች ዐፄ ኀይለ ሥላሴን የሚጠሩት ብዙ ጊዜ በዚሁ ቃል ነበር፤ የሐርለም ሰዎችም በየአደባባዩ ለኢትዮጵያ ተሰብስበዋል፥ ገንዘብ አዋጥተዋል። ዶክተር መላኩ በያን በ1937 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የኢትዮጵያን የዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋሙት በዚህ ስሜት ላይ ነው። ሐያስያኑ ስለ ዘፈኑ ሲጽፉ ይህን ሁሉ በዝምታ አለፉት፤ አብዛኞቹ የቃሉን ትርጓሜ በአንድ መስመር አስቀምጠው ወደ ሌላ ነገር ሄዱ።

ሆኖም ስሕተቱን ብቻ አሳይቶ መተው ግማሽ ሥራ ነው። ለዘፈኑ የሚጠየቀው ጥያቄ ቃሉ ከየት መጣ የሚል ሳይሆን ቃሉ ምን ሠራ የሚል ነውና። እዚህ ላይ የአማርኛ ልማድ ራሱ ምስክር ይሆናል። በኢትዮጵያ አንድ በሬ የሌላት ድኻ እናት ልጅ ስትወልድ ስሙን ንጉሤ ብትለው የሚደነቅ የለም። ሕፃኑን ስታባብል ጌታዬ፥ ጌታው ትለዋለች፤ ሴት ልጅ ብትሆን ንግሥት ትላታለች። በንጉሤ ላይ ማንም የዘር ሐረጉን አይጠይቀውም። «ንጉሥ» የሹመት ስም ነው፤ በዘውድና በቅብዐት ይገኛል። «ንጉሤ» ግን የፍቅር ስም ነው፤ እናት ትሰጠዋለች፥ ግብሩም የወደቀውን ቀና ማድረግ ነው። ላማር በሚጣሉት ሰዎች ፊት ቆሞ የሰጠው ስም ሁለተኛው ዓይነት ነው። ሐያስያኑ ግን በመጀመሪያው ሚዛን መዘኑት፤ ያመኑትም እንደ ታሪክ አመኑት፥ ያላመኑትም እንደ ታሪክ ጣሉት።

ይህ ማለት ግን የሹመቱ ስም ታሪክ ይረሳ ማለት አይደለም። የሴም ቋንቋዎች ሊቃውንት እንዳመለከቱት «ነግሠ» በዕብራይስጥ «ናጋሥ» ከሚለው ግሥ ጋራ አንድ ሥር ያለው ነው፤ የዕብራይስጡ ትርጓሜ መጫን፥ መንዳት፥ ግብር ማስከፈል ነው። በኦሪት ዘፀአት እስራኤልን በግብፅ ጡብ ሲያሠሩ የነበሩት አስጨናቂዎች የሚጠሩት ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ነው። የባሪያ ልጅ ልጆች ክብራቸውን ሊያገኙበት የወደዱት ቃል ወንድሙ በሌላ ቋንቋ የባሪያ አሠሪ ስም ሆኖ ይገኛል። ነገሩም በቃል ሥር ብቻ አይቀርም። የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት በቤታቸው ባሪያ ነበራቸው። ኢትዮጵያ በ1923 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ትልቁ መሰናክል የባሪያ ንግድ ነበር፤ በ1924 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1942 ዓ.ም. ነው። በዘፈኑ ውስጥ የአገሩን ቃል ሰምቶ ደስ የሚለው የአማርኛ ተናጋሪ ይህንንም ሊሰማ ይገባዋል። በአሜሪካ ያለው ጥቁር ወንድሙ ይህን ቃል ሲወስድ ከአንድ ንጹሕ ምንጭ እንደ ቀዳ አድርጎ ማመስገን ለሁለቱም አይጠቅምም።

አልበሙ ራሱ ከአመስጋኞቹ ይልቅ ይህን ያውቃል። ከ«አይ» ብዙ ቀደም ብሎ፥ በሦስተኛው ዘፈን፥ ሌላ ንጉሥ ተነሥቶ ነበር፤ እርሱም «ኪንግ ኩንታ» ነው። ኩንታ ኪንቴ አሌክስ ሄይሊ በ1976 ዓ.ም. ባወጣው «ሩትስ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ከጋምቢያ ተሸጦ ወደ አሜሪካ የተወሰደ፥ ለማምለጥ ስለ ሞከረም እግሩን የቈረጡት ባሪያ ነው። ላማር ባሪያውንና ንጉሡን በአንድ ስም አሰራቸው። ዘፈኑ ፉከራ ነው፤ የሚፎክረው ሰው ግን አንድ እግር የለውም። በየዕረፍቱ የሚደጋገመው ግጥም ደግሞ ስለ ምን ይናገራል? ተሰሚነቱን ያለ አግባብ ስለ ተጠቀመ ሰው ነው። እንግዲህ ንግሥና በዚህ ሥራ ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ በዐሥራ አምስተኛው ዘፈን ላይ ያለ ዝግጅት የመጣ ማጽናኛ አይደለም። በ2019 ዓ.ም. ያሲን ቤይ የተባለው ሌላው ባለ ራፕ «ንጉሥ» የተሰኘ ሥራ በብሩክሊን ሙዚየም ባቀረበ ጊዜ መነሻ ያደረገው በ1868 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ በ1879 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በ18 ዓመቱ የሞተውን የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን ነው። ያልነገሠውን ልጅ ንጉሥ ብሎ መጥራቱ የላማርን ቃል ከብዙ ሐያስያን ይልቅ በቅርብ እንደ ሰማው ያሳያል።

ከ«አይ» በኋላ አልበሙ የሚቀረው አንድ ዘፈን ብቻ ነው። ሰዎቹን ንጉሥ ብሎ የሰየመው ገጣሚ እዚያ ላይ ተመልሶ ተከታዮቹን ይጠይቃል፤ መንግሥት ቢከሰኝ፥ ስሜ ቢጠፋ፥ እንደ ማንዴላ ብታሰር፥ ከእኔ ጋራ ትቆማላችሁን? ይላል። ከዚያም ያጠራቀመውን ግጥም ለቱፓክ አንብቦ ከእርሱ ጋራ ስለ ሀብት፥ ስለ አመፅና ስለ መጪው ትውልድ ይነጋገራል። በመጨረሻ አንድ ወዳጁ ስለ አባጨጓሬና ስለ ቢራቢሮ የጻፈውን ያነብለትና አስተያየቱን ይጠይቀዋል። መልስ አይመጣም። ስሙን ደጋግሞ ይጠራዋል፤ አልበሙም በዚሁ ዝምታ ላይ ይቆማል።